የኮምፓስ ቀይ ክብ

ሰሌዳ ላይ ክብ የሚስል አስተማሪ ሞልቷል፤ እንደ ኮምፓስ የሚስል ግን ራሷ ኮምፓስ ብቻ ናት። ጠመኔውን ትይዛለች፣ ትከሻዋን ለቀቅ ታደርጋለች፣ ክንዷን አንዴ ታዞራለች፤ አለቀ። መነሻውና መድረሻው የት ጋ እንደተገናኙ ፈልጎ ያገኘ ተማሪ እስካሁን የለም። ከብዙ ዓመት በፊት አንዱ ቀበጥ ትልቁን የእንጨት ኮምፓስ ከዕቃ ክፍል አምጥቶ፣ እሷ ወጣ ስትል ክቧን ለካው። ዙሪያው ልክ ሆኖ ሲያገኘው አፉን ይዞ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ተረሳና ኮምፓስ ተባለች። ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ የሚጠራት የለም፤ እሷ ግን ታውቃለች። ደስም ይላታል፤ ደስ እንደሚላት ግን ቢገድሏት አትናገርም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተማረችው ሰባተኛ ክፍልን ነው፤ ሒሳብ። ሰባተኛ ክፍልን ወዶ የሚይዝ አስተማሪ የለም። ትንንሾቹ ሲያዩህ እየሮጡ ይጠመጠሙብሃል፣ ትልልቆቹ ቢያንስ ያፍሩሃል። መሃል ላይ ያሉት ግን ድምፃቸው ጠዋት ቀጭን ከሰዓት ወፍራም ነው፤ ጉልበታቸው ዴስክ ሥር አልገባ ብሎ ያስቸግራል፤ በማያስለቅሰው ያለቅሳሉ፣ በማያስቀው ይስቃሉ። ሌላው አስተማሪ እንደ ቅጣት የሚያየውን ክፍል ኮምፓስ በፈቃዷ ገባችበት፤ መድኃኒቱንም አገኘሁት ትል ነበር። መድኃኒቱ ዝምታ ነው። «እነዚህ ልጆች ውስጣቸው ገበያ ነው፤ ክፍሉ እንኳ ጸጥ ይበልላቸው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ እሷ ክፍል ውስጥ ዝንብ ስትበር ይሰማል፤ ተማሪዎቿም ፈተና ላይ አያሳፍሯትም። ርዕሰ መምህሩ ራሱ የእሷ ተማሪ ነበር። ዛሬ መላጣ ሆኖ፣ ቢሮ ይዞ፣ ኮምፓስን ኮሪደር ላይ ሲያያት እጁን ከኪሱ ያወጣል።

እንግዲህ በዚህች ሴት ላይ ነው ዘንድሮ ጎረቤት የመጣባት።

ጎረቤቷ ወጣት ናት። ኮምፓስ በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «አዲሷ» ነው የምትላት፣ ዓመቱ ቢጋመስም። አዲሷ ሰባተኛ «ለ»ን ተረከበች፤ ኮምፓስ እንደ ልማዷ «ሀ»ን ይዛለች። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው፤ ከወዲያ ሰው ቢያስነጥስ ከወዲህ «ይማርህ» ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን ከጣውላው ባሻገር የዴስክ መጎተት ድምፅ ተሰማ። አዲሷ አርባ አራቱን ልጆች አራት አራት አድርጋ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። በማግስቱ ደግሞ ደወል ሳይደወል በሩ ላይ ቆማ ልጆቹን አንድ በአንድ ሰላም ማለት ጀመረች። አንዱ እጁን ይሰጣል፣ አንዱ በክርኑ ይነካታል፣ ዓይን አፋሩ ቀና ብሎ ያይና ያልፋል፤ ምርጫው የልጁ ነው። ከገቡ በኋላ ደግሞ አሥር ደቂቃ ወሬ! የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ቁጭ ብለው፣ ወሬ! ማን ምን አለ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ ማን ትናንት ምን አናደደው።

ኮምፓስ መጀመሪያ ሳቀች። «ትንሽ ቆይ» አለች በሆዷ፤ «አናቷ ላይ ሲወጡባት እናያለን።»

አናቷ ላይ አልወጡባትም። እረፍት ሰዓት ላይ የ«ለ» ልጆች ከክፍል መውጣት ትተው እሷን ከበው ይቆማሉ። የ«ሀ» ልጆች ግን ደወሉ ሲደወል እንደ ተለቀቀ ውሃ ይፈስሳሉ፤ ኮምፓስን ከቦ የሚቆም የለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የቆመም የለም። እስከ ዘንድሮ ድረስ ይህ ነገር ትዝ ብሏት አያውቅም ነበር። አሁን በየቀኑ ታየዋለች። ዳስተሩን እያራገፈች፣ ደብተር የምታስተካክል መስላ፣ በመስኮት ታየዋለች። ቅናት ነው። ስሙን ማሳመር አያስፈልግም፤ ቅናት አንጀቷን ይበላው ጀመር።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደች።

«ጩኸቱ ልጆቼን አላስተምር አለኝ» አለችው።

እጁን ከኪሱ አወጣ። «ቲቸር፣ ልጆቹ እኮ ደስ ብሏቸው ነው።»

«ደስታ ፈተና ላይ አይጠየቅም።»

«እሱስ ልክ ነዎት» አለ መላጣውን እየዳበሰ። «እስኪ ፈተናውን እንይ።»

የመንፈቁ ፈተና ለሁለቱም ክፍሎች አንድ ነበር። ውጤቱ ሲደመር የ«ለ» አማካይ በሁለት ነጥብ በለጠ። ኮምፓስ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ስለሆነች «ላጣራው» ብላ የ«ለ»ን አርባ አራት ወረቀት ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች። ቀይ እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ ላይ መዝዛ (ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትሰካው) ቅዳሜን ሙሉ አጎንብሳ ዋለች። አንድ ስህተት አገኘች። አዲሷ ለአንድ ልጅ ሁለት ነጥብ አሳንሳበት ኖሯል። ኮምፓስ ለሙያዋ ታማኝ ናትና ዙሪያውን ከበበችው፣ ነጥቡን ጨመረችለት፤ አማካዩም ትንሽ ከፍ አለ። ያን ቀን እራት አልበላችም።

ይህ ሁሉ ግን የሚቻል ነበር። ያልተቻለው የሚጢ ነገር ነው።

ሚጢ የኮምፓስ ልጅ ናት፤ ከዘጠኝ ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጣች፣ አንድ ለናቷ። አባቷ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ በወር ሁለት ቀን ቤት ካደረ ብዙ ነው። ስለዚህ ቤቱ የሁለቱ ነው። ሚጢ ትንሽ እያለች አፏ አይዘጋም ነበር። እናቷ ደብተር ስታርም ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ታወራለች፤ ለማንኪያ ታወራለች፣ ለጫማዋ ታወራለች። የተበላሸ ሥዕል ከጠረጴዛው ሥር ታወጣና «እማዬ፣ ክብ አድርጊልኝ» ትላለች፤ ኮምፓስ በቀይ እስክሪብቶዋ አንዴ ዞር፤ ልጅቷ ትፍነከነካለች። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ለት ግን አንድ ሰው መጥቶ ድምፁን የዘጋው ይመስል ዝም አለች። በሩ ይዘጋል። «ምን ሆንሽ?» ሲሏት «ምንም»፤ «ትምህርትስ?» ሲሏት «ጥሩ»። ኮምፓስ ይህን ዕድሜ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ ባይ ናትና አልደነገጠችም። ያልፋል አለች።

የትምህርት ቤቱ ደንብ አስተማሪ የራሱን ልጅ እንዳያስተምር ይከለክላል። ስለዚህ ሚጢ የገባችው «ለ» ነው።

አንድ ጠዋት ኮምፓስ ስለ ማዕዘን እያስተማረች ሳለ ከጣውላው ባሻገር የሆነች ልጅ ታወራለች። ክፍሉ ይስቃል፤ ልጅቷ ቆም ትላለች፣ ትቀጥላለች፤ ይስቃሉ። ባለፈው ወር አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ ወስዷት መጨረሻው ፌርማታ ድረስ መሄዷን፣ ሾፌሩ መኪናውን ሊያጥብ ባልዲ ይዞ ሲገባ እሷን አይቶ ከእሷ በላይ መጮሁን፣ ከዚያ ውሃ እየቀዳች አብራው አጥባ ስትጨርስ እንደመለሳት ነው የምታወራው። አተራረኳ እንደ አባቷ ነው፤ መሳቂያው ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

የኮምፓስ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። አውቶቡሱ የወሰዳት ቀን ሚጢ ለእናቷ የነገረቻት «ቤተ መጻሕፍት አመሸሁ» ብላ ነው። ልጇ ጠፍታ ነበር፤ ልጇ ተገኝታ ነበር፤ ልጇ በዚህ ሁሉ ላይ ቀልድ ጨምራበት ነበር፤ ይህን አርባ ሦስት ልጅና አንዲት አዲስ ሴት ሲሰሙ እናት በግድግዳ ነው የሰማችው። ደሟ ፈላ። በልጅቷ አልነበረም የተናደደችው። ያቺ ሴት ዴስክ ብትጎትት፣ ውጤቴን ብትበልጥ፣ እሺ፤ ልጄን ግን ምን ሰጥታ ነው የወሰደችብኝ? ይህ ነው ሌሊትና ቀን ያንገበገባት። ደግሞ የሚያናድደው፣ አዲሷ ኮምፓስን ባየች ቁጥር ከወንበሯ ተነስታ «እንዴት አደሩ ቲቸር?» ትላለች፤ ለመጥላት እንኳ አትመችም።

የሳጥኑን ነገር ያወቀችው ቁርስ ላይ ነው። ሚጢ ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ በእርሳስ እየጻፈች በግራ እጇ ትከልላለች። ጨርሳ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ኪሷ ከተተችው።

«ምንድነው?» አለች ኮምፓስ።

«ለሳጥኑ ነው።»

«የምን ሳጥን?»

«ቲቸር በር ላይ ያስቀመጠችው። የፈለግነውን እንጽፋለን፤ እሷ ብቻ ታነበዋለች፣ በእርሳስ መልስ ትጽፍልናለች። ሌላ ሰው አያየውም።» ይህን ካለች በኋላ ብዙ የተናገረች መስሏት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሌላ ሰው። ኮምፓስ ሻይዋን እያየች ቃሉን ደጋገመችው። ሌላ ሰው!

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ራሷም ኋላ ላይ ስታስበው ፊቷ ይግላል። በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት አዲሷ ልጆቿን ሜዳ ላይ አውጥታ በእርምጃ ታስለካለች። ኮምፓስ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ወረቀት ስታርም ነበር። ተነሳች። «ማስመሪያ ልዋስ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ኮሪደሩ ባዶ ነው። የ«ለ» በር ገርበብ ብሏል። ክፍሉ ሌላ ሽታ፣ ሌላ መልክ ነበረው፤ ግድግዳው በልጆቹ የእጅ ጽሑፍ ተሸፍኗል፤ አንድ ትልቅ ባዶ ወረቀት ላይ «ቤት ውስጥ የምንጠየቀው፦ ስለ ትምህርት ስንት ከመቶ?» የሚል ርዕስ ብቻ ተጽፎ ተለጥፏል። ስም አይጻፍም ይላል ከሥሩ። ሳጥኑ የጠመኔ ካርቶን ነው፤ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ከራሷ ክፍል የተጣለ ካርቶን መሆኑን ስታውቅ ጭራሽ ብሽቅ አለች።

ክዳኑን አነሳችው። ሌሎቹን አልነካችም፤ ይህን ለራሷ በኋላ ብዙ ጊዜ ነግራዋለች፣ ሌሎቹን አልነካሁም። አራት ቦታ የታጠፈችውን ለቅማ አወጣች፣ ዴስክ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ዘረጋቻት።

«በአንድ ሳምንት እናቴ የጠየቀችኝ ጥያቄ በሙሉ፦ 32። ስለ ትምህርት፦ 24። በላሽ ወይ፦ 5። ቁልፉ የት ነው፦ 3። ሌላ፦ 0። ስለ ትምህርት ከመቶ፦ 65። የታዘብኩት፦ እናቴ መልሱን የማታውቀውን ነገር የጠየቀችኝ ቁልፉን ብቻ ነው።»

ክው አለች። ሁለተኛ አነበበችው። ይህችን ልጅ ለመውለድ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃለች፤ አሁን ተቆጥራ፣ ተመድባ፣ በሠንጠረዥ ገብታለች። ማልቀስ አማራት፣ ደግሞ መቆጣት አማራት፤ ሁለቱ ሲጋፉ አንድም ሳይወጣ ቀረና ዓይኗ ቁጥሩ ላይ ወደቀ። ስልሳ አምስት? ሃያ አራት ከሠላሳ ሁለት? ሰው እንዲህ ይሳሳታል? ሦስት አራተኛ እኮ ነው! ይኸው! ይኸው የወሬው ውጤት፣ ይኸው የሜዳው እርምጃ፣ የእኔ ልጅ፣ ከእኔ ማሕፀን የወጣች፣ መቶኛ ማስላት አቃታት! በቅናት ውስጥ የሚገኝ አንድ ደስታ አለ፤ ያን ጊዜ ኮምፓስ ያንን ደስታ በደንብ ጠጣችው። ወዲያው ደወል ተደወለ። ወረቀቷን አጣጥፋ መለሰቻት፣ ክዳኑን ዘጋች፣ እግሬ አውጪኝ አለች።

ክፍሏ ገብታ ሰሌዳ ፊት ቆመች። «ስለ ክብ ነው ዛሬ» አለች። ትከሻዋን ለቀቅ አደረገች፣ ክንዷን አዞረች፤ መነሻና መድረሻው ገጠመ። ልጆቹ እንደ ሁልጊዜው በአድናቆት ትንፋሻቸውን ዋጡ። እሷ ግን ክቡን አየችው፣ ከዚያ እጇን አየችው። ይቺ እጅ ዛሬ ይህን አንዴ አድርጋዋለች። መቼ? እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ ላይ መዘዘች፤ ክዳን የለውም። የነቀለችው ሳጥኑ ጋ፣ የሚጢ ወረቀት ላይ አጎንብሳ ሳለች ነው። ስልሳ አምስት የምትለዋን ዙሪያዋን ከብባለች፤ አጠገቧም 75 ብላ ጽፋለች። ዓይኗ ስህተት ሲያይ እጇ ማንንም አያስፈቅድም፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የሠራው።

«ሥዕሉን ገልብጡ» ብላ ወጣች። የአንድ አስተማሪ ሩጫ ምን ያህል ያስቃል! ግን አዲሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ልጆቹም እየገቡ ነበር፤ ሳጥኑ በብብቷ ሥር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሚጢ እናቷን ሳትጠብቅ ሄደች። አውቶቡስ ላይ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነበር የሚቀመጡት፤ ባያወሩም። ኮምፓስ ያን ቀን ባዶውን ወንበር ቦርሳዋን አስቀመጠችበት።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ከጣውላው ባሻገር ጸጥታ ሆነ። ኮምፓስ ጆሮዋን አቆመች። ወሬ የለም፣ ሳቅ የለም፣ ወንበር እንኳ አይንቀሳቀስም። ያመለከተችበት ጸጥታ፣ የለመነችው ጸጥታ ይኸው መጣ። ደስ ሊላት ሲገባ ደስ አላላትም። ይህን ዓይነት ዝምታ ታውቀዋለች፤ ቤቷ ውስጥ ያለው ነው።

በእረፍት ሰዓት አዲሷ መጥታ ከአጠገቧ ቆመች። አልተቀመጠችም።

«ቲቸር፣ አንድ ደቂቃ ይሰጡኛል?»

ኮምፓስ ወረቀት እያገላበጠች «እ» አለች።

«ሳጥኑ ዛሬ ባዶ ነው። አንድም ልጅ አልጻፈም። ከእኔና ከጻፈው ልጅ ሌላ ማንም አያይም ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር። ሚጢ ትናንት ከሰዓት ወረቀቷን ስትቀበል አጠገቧ ያሉት ቀዩን አዩት። እኔ ቀይ አልጠቀምም፤ ስለዚህ ለሌላ አስተማሪ አሳይቼ አብረን የሳቅንባቸው መስሏቸዋል።»

«ወረቀቱን ለምን ሰጠሻት? ቀድደሽ ብትጥይው?»

«የሷ ነዋ» አለች አዲሷ፣ ሌላ መልስ ሊኖረው እንደሚችል እንኳ ያልጠረጠረች መስላ። «ክቡን አውቄዋለሁ፤ ያጣሩልኝ ፈተና ላይ አይቼዋለሁ። ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሚጢም አልተናገረችም። ጓደኞቿ ማን ነው ሲሏት ‹አላውቅም› አለች።»

ብትጮህባት፣ ብትከሳት፣ ርዕሰ መምህሩ ጋ ብትሄድ እንዴት በቀለላት! ልጇን የወሰደችባት ሴትና የተወሰደችው ልጅ፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ፣ ገመናዋን ከደኑላት።

«እኔ ልክሰስዎት ብዬ አይደለም የመጣሁት» አለች አዲሷ። «ዕድሜያቸውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። አንዴ ካፈሩ፣ ሁለተኛ አፋቸውን ለማስከፈት ዓመት ይፈጃል። ዓመት ደግሞ የለንም፤ ስምንተኛ ይገባሉ።»

ያን ቀን ኮምፓስ ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማረች፤ ምን እንዳስተማረች አታስታውስም። አንዴ «እኔ ነኝ ብል ምን ይቀርብኛል?» ትላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ድቅን ይልባታል፤ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ጣት ሲቀስሩባት ይታያታል። አንዴ ደግሞ ዝም ብል አዲሷ ትዋረዳለች፣ ያ ክፍል ይዘጋል፣ ልጆቹም እሷን ከበው መቆሙን ይተዋሉ ብላ ታስባለች። ይህ ሐሳብ ለአፍታ ጣፈጣት። እውነቱ መነገር አለበት፤ ጣፈጣት። ከዚያ የአውቶቡሱ ባዶ ወንበር ትዝ አላት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የ«ለ» ልጆች በራቸው ላይ ተሰልፈው አንድ በአንድ ሲገቡ፣ ከኋላቸው አንዲት ረዥም ሴት ተሰለፈች። ልጆቹ ዞር ዞር እያሉ አዩዋት። ተራዋ ደረሰ።

አዲሷ አልሳቀችም። «በእጅ፣ በክርን ወይስ በዓይን?» አለቻት፣ ለሁሉም እንደምትለው።

«በዓይን» አለች ኮምፓስ። ቀና ብላ አየቻትና ገባች።

ሰሌዳው ፊት ቆመች። ሺህ ጊዜ እንዲህ ቆማለች፤ ዛሬ ግን ጠመኔ አልያዘችም። ሚጢ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ዴስኩ ላይ ነው።

«ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለች። «ቲቸራችሁ አላሳየችኝም፤ እሷ ሳትኖር ገብቼ ከፈትኩት። አንድ ወረቀት አነበብኩ፤ የልጄን። በቀይ የጻፍኩበትም እኔ ነኝ። ማድረግ አልነበረብኝም።» ከዚያ «ይቅርታ» አለች። ይህች ቃል ከኮምፓስ አፍ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንድ ልጅ ድምፁ ለሁለት ተሰንጥቆበት «ለምን ከፈቱት?» አለ።

የክፍሉ ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው። ለ«ሀ» ልጆች ቢሆን «ቁጭ በል» የሚል መልስ ነበራት። «ቀንቼ» አለች ኮምፓስ። በዚያች ቅጽበት ሚጢ ቀና አለች። ግን ያየችው እናቷን አልነበረም፤ አዲሷን ነበር፤ «ሰማሽ?» እንደ ማለት። ኮምፓስ ይህንንም አየች፤ ይህም ወጋት። ከክፍሉ ወጥታ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትደርስ ሚጢ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ እርሳስ ትቀርጻለች። በሯ ክፍት ነው። ኮምፓስ ቦርሳዋን አስቀምጣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ብዙ ልትል አስባ ነበር፤ በአውቶቡስ ውስጥ ሁሉንም አሰናድታው ነበር። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሃያ አራት ከሠላሳ ሁለትን እንዴት ትሳሳቻለሽ፣ ሚጢዬ?»

አለችውና ራሷ ደነገጠች። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም። እርሳሱን መቅረጿን ቀጠለች።

«አልተሳሳትኩም።»

«ስልሳ አምስት ብለሽ...»

«እማዬ፣ ሦስት አራተኛ እኮ ነው። ይሄ ይጠፋኛል?» አለች ሚጢ። «ጥያቄዎቹን አልቀየርኩም፣ የቆጠርኩት ነው። መቶኛውን ግን ቲቸር ግድግዳው ላይ ልትስለው ነው። እስካሁን ከክፍል ትልቁ የጓደኛዬ አባት ነበር፤ ሰባ ከመቶ። ያንቺ ከሁሉም እንዳይበልጥ ብዬ ነው ዝቅ ያደረግኩት።» የእርሳሱን ፍርፋሪ በእጇ ሰበሰበች። «ስም ባይጻፍም እሷ ታውቃለች። ስላንቺ መጥፎ እንድታስብ አልፈለግኩም።»

ኮምፓስ ኩም አለች። ይህን ሁሉ ወር ልጇ ወደዚያች ሴት ዞራለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች ስትል ኖራለች። ልጅቷ ግን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሒሳብ አበላሽታ፣ የእናቷን ስም በዚያች ሴት ፊት ስትጠብቅ ነበር። እናትየዋ ናት በቀይ ያረመችው፤ አሥር ጨምራ።

እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። ሚጢ ያላየች መሰለች፤ በዚህ ዕድሜ የሰው እንባ ያሳፍራል።

ኮምፓስ ጥያቄ ፈለገች። አንደበቷ ላይ ቶሎ የመጣው «የቤት ሥራ ሠራሽ?» ነው፤ ዋጠችው። ቀጥሎ «በላሽ?» መጣ፤ እሱንም ዋጠችው። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሌላ ምንም አላገኘችም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥያቄ ስታወጣ የኖረች ሴት ባዶ እጇን ቀረች።

«ምን ልጠይቅሽ?» አለች በመጨረሻ። «እውነት፣ አላውቅም።»

ሚጢ ቀና ብላ አየቻት፤ እናቷን ነው ያየችው። ከዚያ ደብተሯን ስባ ሠንጠረዡ ያለበትን ገጽ ገለጠችና «ሌላ» የሚለው ረድፍ ላይ፣ ከዜሮው አጠገብ፣ በእርሳስ አንድ መስመር አሰመረች።

«አውቶቡሱን ያጠብኩበትን ቀን ልትጠይቂኝ ትችያለሽ» አለች።

መስመሩ ትንሽ ጠመም ብሏል። ኮምፓስ አየችው። እጇን ጸጉሯ ላይ ወዳለው እስክሪብቶ ሳትሰድ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፣ ወንበሯን ወደ ልጇ ጠጋ አደረገችና ጠየቀቻት።